ከስንብቱ በኋላ የሚቀረው፦ አካል ጉዳት ላለባቸው ሕፃናት የሚደረግ የበጎ ፈቃድ ጉዞ

በዓለም አቀፍ የመታሰቢያ ዕለታት መካከል ሁለቱ በሁለት ቀን ልዩነት ይከበራሉ። ዲሴምበር 3 የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲሆን ዲሴምበር 5 የበጎ ፈቃደኞች ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ የበጎ ፈቃደኞችን ቀን እ.ኤ.አ. በ1985፣ የአካል ጉዳተኞችን ቀን ደግሞ በ1992 ደነገገ። ሁለቱን ዕለታት በተግባር የሚያገናኝ አንድ ልማድ ዛሬ በብዙ አገሮች ይታያል። ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የፊዚዮቴራፒና የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች፣ ተማሪዎችና ጡረተኞች የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው፣ የአውሮፕላን ቲኬታቸውን ከኪሳቸው ከፍለው አካል ጉዳት ያለባቸውን ሕፃናት ለማገልገል ድንበር ይሻገራሉ። አንዳንዱ ለአንድ ሳምንት፣ አንዳንዱ ለሁለት፣ ጥቂቱም ለወራት ይቆያል።

አገልግሎቱ የሚፈለግ መሆኑ አያጠራጥርም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ 240 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት የአካል ጉዳት እንዳለባቸው አስታውቋል። ይህም ከአሥር ሕፃናት አንዱ ማለት ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚኖሩት ልዩ ሐኪምም ሆነ የማገገሚያ ማዕከል ከቤታቸው እጅግ በራቀባቸው አገሮች ነው።

ይሁን እንጂ ከደግነቱ ጀርባ መነሣት ያለበት አንድ ጥያቄ አለ። የጎብኚው ጊዜ በቀናት ይቆጠራል፤ የልጁ ሕክምና ግን በዓመታት ነው። ቀዶ ሕክምና በሰዓታት ያልቃል፤ ማገገሚያው፣ ክትትሉ፣ መሣሪያውን መጠገኑና ትምህርት ቤት ማስገባቱ ግን ልጁ እስኪያድግ ይዘልቃል። ስለዚህ የአንድን የበጎ ፈቃድ ጉዞ ፍሬ በጉዞው ቀናት በታከሙት ሕፃናት ቁጥር ብቻ መለካት ያሳስታል። ትክክለኛው መለኪያ ቡድኑ ተሰናብቶ ከሄደ በኋላ በዚያ ስፍራ መሥራቱን የሚቀጥለው ነገር ነው። በዚህ ረገድ ያለፉት አሥርት ዓመታት ጥሩ ትምህርት ትተውልናል።

ቆልማማ እግርና የሁለት ሳምንቱ ሒሳብ

በዓለም ላይ ከሚወለዱ አንድ ሺህ ሕፃናት መካከል በአማካይ አንዱ ቆልማማ እግር ይዞ ይወለዳል። የልጁ አንድ እግር ወይም ሁለቱም ወደ ውስጥና ወደ ታች ይታጠፋል። ካልታከመ ልጁ የሚራመደው በእግሩ መዳፍ ሳይሆን በጎኑ ወይም በጀርባው ነው። ቆዳው ይቆስላል፤ ጫማ አይገባለትም፤ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ከሆነ ከቤት ይቀራል።

ለዚህ ችግር ዛሬ በመላው ዓለም ተቀባይነት ያገኘውን ሕክምና የቀመረው ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የተባለ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 በስፔን ሚኖርካ ደሴት የተወለደው ይህ ሰው በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት ቁስለኞችን አክሟል። ጦርነቱ ሲያበቃ ተሰድዶ በፈረንሳይና በሜክሲኮ በኩል አሜሪካ አይዋ ደረሰ። እዚያም በልጅነታቸው ለቆልማማ እግር ትልልቅ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ካደጉ በኋላ እግራቸው ደርቆና ታምሞ አገኛቸው። ስለዚህም ከቢላዋ ይልቅ እጅን መረጠ። የጨቅላውን እግር በዝግታና በልስላሴ እያስተካከሉ በጄሶ መጠቅለል፣ በየሳምንቱ ጄሶውን መፍታት፣ ጥቂት ማስተካከልና እንደገና መጠቅለል ዋናው ዘዴው ሆነ። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጄሶ ይበቃል። ከዚያም የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዶ ይላላል፤ የመጨረሻውም ጄሶ ለሦስት ሳምንታት ይቆያል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአበው ብሂል ይህን ሕክምና በሚገባ ይገልጸዋል።

ሕክምናው ግን ጄሶው ሲወልቅ አያበቃም። ልጁ በብረት ዘንግ የተያያዘ ልዩ ጫማ ለሦስት ወር ያህል በቀን ለ23 ሰዓት፣ ከዚያም አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በእንቅልፍ ሰዓት ማድረግ አለበት። እግሩ ተመልሶ እንዲቆለመም ዋነኛው ምክንያት ይህ ጫማ በሚገባ አለመደረጉ ነው። በሌላ አነጋገር ሕክምናውን ከዳር የምታደርሰው በየሌሊቱ ጫማውን የምታስርለት እናት ናት።

እዚህ ላይ የበጎ ፈቃደኛውን ሒሳብ እንመልከት። ለሁለት ሳምንት የመጣ ሐኪም ለአንድ ሕፃን ሁለት ጄሶ፣ ቢበዛ ሦስት ያደርግለታል። ከዚያ ይሄዳል። የቀሩትን ጄሶዎች የሚሠራ፣ ጅማቱን የሚያላላ፣ ጫማውን የሚለካና እናቲቱን የሚያበረታታ ሰው በስፍራው ከሌለ የተጀመረው ሕክምና ይቋረጣል፤ የቤተሰቡም ድካም ከንቱ ይሆናል። ጉዳዩን የተረዱ ባለሙያዎች በዚህ ምክንያት የጉዟቸውን ዓላማ ለወጡ። ዘዴው ትልቅ የቀዶ ሕክምና ክፍል ስለማይጠይቅ፣ ስፔሻሊስት ሐኪም ብቻ ሳይሆን በሚገባ የሠለጠነ መካከለኛ የጤና ባለሙያም ሊሠራው ይችላል። በማላዊ የአጥንት ሕክምና ክሊኒካል ኦፊሰሮች ሠልጥነው ሥራውን ተረከቡ። በኡጋንዳም ሕክምናው በአገሪቱ የጤና ተቋማትና በባለሙያዎች ማሠልጠኛዎች ውስጥ እንዲገባ ተደረገ። የጎብኚው ድርሻ የራሱን እጅ ከማሠራት ወደ ሌሎች እጆች ማሠልጠን ተሸጋገረ።

ከምባሌ እስከ አዲስ አበባ

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ከምሥራቃዊ ኡጋንዳ ነው። ቤንጃሚን ዋርፍ የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ነርቭ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2000 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ምባሌ ከተማ በበጎ አገልግሎት ሄደ። በዚያ ያገኛቸው ብዙዎቹ ታካሚዎች በጭንቅላታቸው ውስጥ ፈሳሽ የተጠራቀመባቸው፣ ማለትም ሃይድሮሴፋለስ ያለባቸው ጨቅላዎች ነበሩ። የተለመደው ሕክምና ሻንት የተባለ ቀጭን ቱቦ ከጭንቅላት ወደ ሆድ ዘርግቶ ፈሳሹን ማስወገድ ነው። ቱቦው ሕይወት ያድናል። ነገር ግን አንድ ቀን ሊደፈን ወይም በተህዋስ ሊበከል ይችላል፤ ያን ጊዜ ልጁ በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። በትልቅ ከተማ ለሚኖር ይህ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ከሆስፒታሉ የቀናት ጉዞ ርቃ ለምትኖር ገበሬ እናት ግን የሞት ፍርድ ሊሆን ይችላል።

ዋርፍ ሕክምናውን ከልጁ መኖሪያ አንጻር መረመረው። ፈሳሹ በአንጎል ውስጥ አዲስ መውጫ እንዲያገኝ ቀዳዳ የሚከፍተውንና ፈሳሹን የሚያመነጨውን ህብረ ሕዋስ በሙቀት የሚቀንሰውን ዘዴ አዋሕዶ፣ ብዙ ሕፃናት ያለ ቱቦ እንዲኖሩ አስቻለ። በአፍሪካ የተፈተነው ይህ አሠራር በኋላ ወደ አሜሪካ ሆስፒታሎችም ተሻግሯል። ይህ የሆነው ሐኪሙ የመጣበትን ዕውቀት እንዳለ ከማራገፍ ይልቅ በስፍራው ለዓመታት ተቀምጦ፣ ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ የት እንደሚሄድ ስለ ጠየቀ ነው።

ኢትዮጵያም ከዚህ ታሪክ የራሷ ድርሻ አላት። ከሃያ ዓመት በፊት በመላ አገሪቱ የነበሩት የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በሃይድሮሴፋለስ ወይም በጀርባ አጥንት ክፍተት (ስፓይና ቢፊዳ) የተወለዱ ሕፃናት ብዙዎቹ ሐኪም ሳያያቸው ያልፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች አጋሮች ጋር በመሆን የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በአገር ውስጥ ጀመረ። ከውጭ የመጡት ሐኪሞች እየተፈራረቁ፣ በቀዶ ጠረጴዛው ዙሪያ ከኢትዮጵያውያን ሠልጣኞች ጎን ቆመው አስተማሩ። ሠልጣኞቹ ተመርቀው አስተማሪዎች ሆኑ፤ የአገሪቱም የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በደርዘኖች የሚቆጠሩ ሆኑ። ዛሬ ልጇን አዝላ ወደ ሆስፒታል የምትመጣ እናት የውጭ ቡድን የሚመጣበትን ወር መጠበቅ አያስፈልጋትም፤ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የሚያነጋግራት ሐኪም ታገኛለች።

ከዚህም ልቆ የሚሄድ አገልግሎት አለ፤ እርሱም ጉዳቱ እንዳይደርስ መከላከል ነው። የጽንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠራበት የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ ሳያውቁ ነው። እናቲቱ አስቀድማ ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን በበቂ መጠን ካገኘች የብዙዎቹን ጉዳቶች አደጋ መቀነስ ይቻላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድና በሌሎች ንጥረ ነገሮች እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ ማጽደቋ ከብዙ የቀዶ ሕክምና ዘመቻዎች የበለጠ ሕፃናትን ሊያተርፍ የሚችል እርምጃ ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ እንዲወሰን ማስረጃ የሚያሰባስብና የሚሟገት በጎ ፈቃደኛ ምናልባት የአንድም ልጅ ፎቶ ይዞ አይመለስም፤ ሥራው ግን በየቤቱ ይገባል።

ከአዲስ አበባ ወደ አክራ

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ድንበር የሚሻገረው ልጁ ራሱ ነው። ዶክተር ሪክ ሆደስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1984ቱ ረሃብ ወቅት ለእርዳታ ወደ ኢትዮጵያ ከመጣ በኋላ ተመልሶ በአዲስ አበባ ለአሥርት ዓመታት ኖሯል። በሥራው መካከል በሳንባ ነቀርሳም ሆነ በሌላ ምክንያት ጀርባቸው የጎበጠና የተጣመመ ብዙ ልጆች አገኘ። የብዙዎቹ ጉብጠት እጅግ የከፋ ከመሆኑ የተነሣ ሳንባቸውን እየተጫነ ትንፋሽ ያሳጣቸው ነበር። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ግን ጋናዊው ዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይ ነው። እርሱ በኒው ዮርክ ታዋቂ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1998 ፎኮስ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ በጎ ፈቃደኞችን ይዞ ወደ ትውልድ አገሩ ይመላለስ ነበር። በ2012 ደግሞ በአክራ ቋሚ ሆስፒታል ተከፈተ። ተመላላሽ የነበረው ቡድን ቤት ሠራ ማለት ነው።

ከኢትዮጵያ ወደ አክራ ከሚሄዱት ልጆች ብዙዎቹ ከቀዶው በፊት ለሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ለወራት በሚቆይ ዝግጅት ያልፋሉ። በራስ ቅላቸው ዙሪያ ቀለበት ይታሰርና በክብደት ወደ ላይ እየተሳበ የተጣመመው አከርካሪ በዝግታ ይዘረጋል። ልጁ ቀለበቱን እንዳደረገ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ይተኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከእናቱ ርቆ፣ ቋንቋውን በማያውቁ ሰዎች መካከል ነው። ለእንዲህ ያለ ልጅ «ዛሬ እንዴት አደርክ? የት ላይ ያምሃል?» ብሎ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚጠይቀው ሰው ከሕክምናው የሚነጠል ተጨማሪ ነገር አይደለም። ሕመሙን በትክክል መናገር ያልቻለ ልጅ በትክክል አይታከምምና።

ይህ ነጥብ በመካከለኛው ምሥራቅ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ልዩ ትርጉም አለው። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በአካባቢው ረጅም ጊዜ የኖረ ሰው አማርኛንና ዐረብኛን በአንድነት ይዟል፤ ብዙዎችም ኦሮምኛን ወይም ትግርኛን ይጨምራሉ። ለሕክምና የመጣ ልጅና ቤተሰቡ በሆስፒታል ኮሪደር ሲቸገሩ የሚያስተረጉም፣ የመድኃኒቱን አወሳሰድ በሚገባቸው ቋንቋ የሚያስረዳ፣ ወደ አገር ሲመለሱም ቀጠሯቸውን በስልክ የሚያስታውስ ሰው የሐኪም ዲግሪ ባይኖረውም የሕክምናው አካል ነው። ጥንቃቄው የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ መተርጎምና የታካሚውን ምሥጢር መጠበቅ ነው።

መስማት ከተከፈተ በኋላ

በአካባቢያችን ያለው ተሞክሮም የሚያረጋግጠው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተቋቋመው የሳዑዲ ዐረቢያው የንጉሥ ሰልማን የሰብአዊ እርዳታ ማዕከል በጎ ፈቃደኛ የሕክምና ቡድኖችን ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ይልካል። ከነዚህ አንዱ በቱርክ ሬይሃንሊ ከተማ መስማት ለተሳናቸው ሕፃናት በጆሮ ውስጥ የሚተከል መሣሪያ (ኮክሊያር ኢምፕላንት) የሚሰጠው መርሐ ግብር ነው። ልብ ሊባል የሚገባው መርሐ ግብሩ ተከላውንና ከተከላው በኋላ ያለውን የመስማት ማገገሚያ በአንድነት መያዙ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቀዶው ጥቂት ሰዓታት ይፈጃል። መሣሪያው የሚከፈተው ግን ቁስሉ ከዳነ በኋላ ነው። በተከፈተበት ቀን ልጁ የሚሰማው ገና ትርጉም ያላገኘ ድምፅ ነው፤ ድምፁን ከቃል፣ ቃሉንም ከነገሩ ጋር ማገናኘት ለዓመታት የሚማረው ነው። መሣሪያው በየጊዜው ይስተካከላል፤ ባትሪው ይለወጣል፤ ገመዱ ይበጠሳል። ስለዚህ በጉዞው ቡድን ውስጥ ከቀዶ ሐኪሙ እኩል የንግግር ሕክምና ባለሙያው፣ መለዋወጫውን የሚያቀርበውና ወላጆችን የሚያሠለጥነው ሰው ያስፈልጋል። መሣሪያው የማይስማማቸው ወይም የማያገኙት ልጆች ደግሞ የምልክት ቋንቋ ሊነፈጋቸው አይገባም። ልጅ ያለ ቋንቋ የሚቆይበት ዕድሜ ተመልሶ አይገኝም።

ስለ ተሽከርካሪ ወንበርም ተመሳሳይ ነገር መናገር ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ወንበር ለተጠቃሚው አካልና ለሚኖርበት አካባቢ ተለክቶ መሰጠት እንዳለበት አስገንዝቧል። ለአዋቂ የተሠራ ሰፊ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ አከርካሪው ይጣመማል፤ መቀመጫው ካልተስማማ ስሜት በሌለው ገላው ላይ ቁስል ይወጣል፤ ቁስሉም እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። መቶ ወንበር አድሎ ፎቶ ተነሥቶ ከመመለስ ይልቅ ሃያ ወንበር በልክ ሰጥቶ፣ ጎማ የሚጠግን አንድ የሰፈር ወጣት አሠልጥኖ መመለስ ይበልጣል።

ርኅራኄና ክብር

ከጉዞዎቹ መካከል ጉዳት የሚያስከትሉም አሉ። በተለይ አካል ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት ወደ ሚኖሩባቸው ማሳደጊያዎች ለጥቂት ቀናት እየመጡ ልጆችን አቅፈው፣ አጫውተውና አስለምደው የሚሄዱ ጎብኚዎች ጉዳይ ብዙ ጥያቄ አስነሥቷል። ልጁ በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ሰው ይለምዳል፤ በየሁለት ሳምንቱም ይለያል። የጎብኚው ገንዘብ ደግሞ አንዳንድ ማሳደጊያዎች ወላጅ ያላቸውን ልጆች ሳይቀር ከቤተሰብ እንዲነጥሉ ያበረታታል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሕፃናት መብት ባጸደቀው ውሳኔ ይህን ዓይነቱን የማሳደጊያ በጎ ፈቃደኝነት የሚያስከትለውን ጉዳት አንሥቶ አስጠንቅቋል። ለእነዚህ ልጆች የሚበጀው ቤተሰባቸው በቤታቸው ሊያሳድጋቸው የሚችልበትን ድጋፍ መስጠት ነው።

የክብር ጉዳይ ከዚህ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው፣ ኢትዮጵያም በ2010 የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ32ኛው አንቀጹ ዓለም አቀፍ ትብብር አካል ጉዳተኞችን ያካተተና ለእነርሱ ተደራሽ እንዲሆን ይጠይቃል። አካል ጉዳተኞች ተቀባይ ብቻ ሳይሆኑ አቃጅና ሠሪም መሆን አለባቸው ማለት ነው። የሙስሊሙ ማኅበረሰብ ይህን ከጥንት የሚያውቀው ምሳሌ አለው። በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን በመዲና አዛን ከሚያደርጉት መካከል አንዱ ሐበሻዊው ቢላል (ረ.ዐ.) ሲሆን ሌላው ማየት የተሳነው ዐብዱላህ ኢብን ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) ነበር። በረመዷን ሌሊት አንዱ ሕዝቡን ለሱሑር ይቀሰቅሳል፤ ሌላው ጎሕ መቅደዱን ያበስራል። ነቢዩ ከመዲና ሲወጡም ከተማይቱን ለዚሁ ዓይነ ስውር ሶሐባ አደራ የሰጡበት ጊዜ ነበር። ለዐብዱላህ የተሰጠው ሕዝብ የሚተማመንበት ሥራና ኃላፊነት ነበር።

ከመነሣት በፊት

ለእንዲህ ያለ አገልግሎት የሚዘጋጅ ሰው ሻንጣውን ከማሰናዳቱ በፊት ላኪውን ድርጅት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ጥሪው የመጣው ከስፍራው ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት ወይም ማኅበር ነው ወይስ ከላኪው? ሁለተኛ፣ ቡድኑ ሲመለስ ሕክምናውን የሚከታተለው ማን ነው? ሦስተኛ፣ ከአገሬው ባለሙያዎች መካከል ሥራውን አብሮ የሚሠራና የሚማር አለ? አራተኛ፣ ተጓዡ በአገሩ ያልተፈቀደለትን ሕክምና በሌላው አገር እንዲሠራ ይጠበቅበታል? በልጅ ገላ ላይ ልምምድ ማድረግ በየትም አገር የተወገዘ ነው። አምስተኛ፣ ከልጆች ጋር የሚሠራው ሰው የጀርባ ታሪክ ይጣራል? ስድስተኛ፣ የልጆች ፎቶ በማን ፈቃድ ይነሣል፣ የትስ ይወጣል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ መልስ የሌለው ድርጅት ዓላማው ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ዝግጁ አይደለም።

መልሱ የሚያረካ ከሆነም ተጓዡ የራሱን ሒሳብ ማስላት አለበት። ለአንዳንዱ የቲኬቱ ዋጋ በስፍራው የሚገኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የወራት ደመወዝ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ገንዘቡን መላክ ከመሄድ ይሻላል። የማይገኝ ሙያ ያለው ግን ይሂድ፤ ወደ አንድ ስፍራ በየዓመቱ ደጋግሞ ይመለስ፤ በሄደ ቁጥርም የእርሱ አስፈላጊነት እየቀነሰ መምጣቱን እንደ ስኬት ይቁጠረው።

ሙስሊሙ ለዚህ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለም። ሰጪው ካለፈ በኋላ እንኳ ምንዳው የማይቋረጠው ሰደቀቱል ጃሪያ የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድንና ሰው የሚጠቀምበትን ዕውቀት ያስታውሰናል። ጄሶ መጠቅለል የተማረ የወረዳ ጤና ባለሙያ፣ ወንበር የሚጠግን የሰፈር ወጣት፣ ከተከላ በኋላ ልጇን ቃል የምታስተምር እናት እንደዚያ ጉድጓድ ናቸው። ቡድኑ ቢሄድም ውኃው አይቋረጥም።